የሾርባው ሰልፍ

ካትሪ ሦስተኛውን መርሐ ግብር ከማቀዝቀዣው በር ላይ ስትገነጥል፣ ይዞት የነበረው ማግኔት ተስፈንጥሮ ከምድጃው ሥር ገባ። ጎንበስ ብላ ልታወጣው አልሞከረችም። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እዚያ ሥር የገቡት ማግኔቶች፣ የቀለም እርሳሶችና በጎ ሐሳቦች አብረው ይኑሩ፤ እሷ ከእንግዲህ ለማንም አትንበረከክም።

ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ቢያያት በሳቀባት ነበር። በሄልሲንኪ ጎዳናዎች የሚመላለሱት ትራሞች ከየት ተነሥተው መቼ የት እንደሚደርሱ ከሚያሰሉት ሰዎች አንዷ ናት። በረዶን፣ የመንገድ ጥገናን፣ የሰከረ ተሳፋሪን ሳይቀር አስቀድማ ታሰላለች። ሁለት ልጆችን ግን ከአልጋ ወደ ቁርስ፣ ከቁርስ ወደ ጥርስ ብሩሽ ማድረስ አቅቷታል። የመጪውን መኸር የትራም ሰሌዳ ከበጋው አጋማሽ በዓል በፊት ማስረከብ አለባት፤ ከበዓሉ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስልክ የሚያነሣ ሰው አይገኝም። ባሏ ቴሮ የመርከብ መካኒክ ነው። እሱ ባልቲክ ባሕር ላይ፣ በሞተር ጩኸት መካከል፣ በሰላም ይኖራል።

የመጀመሪያው መርሐ ግብር በሰዓት የተሸነሸነ ነበር። ያ ወረቀት የዘጠኝ ዓመቷን ኬርቱን በአንድ ሌሊት ተቆጣጣሪ አደረጋት። የስድስት ዓመቱ ኦትሶ ካልሲውን በአንድ እግሩ ብቻ እንዳጠለቀ፣ እሷ ከግድግዳው ሰዓት ሥር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች።

«ዘገየህ! ይኸው አሁንም ዘገየህ! እማዬ፣ ከዚህ ልጅ ጋር እኮ የትም አንደርስም!»

«የት ነው የምንደርሰው?» ይላል ኦትሶ፣ ካልሲውን እያየ።

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ካትሪ ወረቀቱን ገነጠለችው። ሁለተኛው መርሐ ግብር የነፃ ምርጫ ነበር፤ ልጆቹ የቀኑን ሥራዎች እንደ ፈቃዳቸው ያስቀድሙና ያስከትሉ ዘንድ ተፈቀደላቸው። እነሱም አይስክሬሙን ከፊት፣ ንባቡን ከኋላ አደረጉና ኋላው ላይ ሳይደርሱ መሸ። መሸ ማለት ከተቻለ ነው፤ በዚያ ወቅት ፀሐይዋ ለወጉ ያህል ጎንበስ ብላ መልሳ ትነሣለች። ሦስተኛው የሽልማት ነበር፤ ለእያንዳንዱ መልካም ሥራ አንድ የሚለጠፍ ኮከብ። ኬርቱ የኮከቦቹን ማስቀመጫ አገኘችና ግንባሯን፣ ጉንጮቿንና የወንድሟን ጀርባ ኮከብ በኮከብ አድርጋ መጣች።

«ጨረስን» አለች። «አሁን ምን እናድርግ?»

«አሁን ምን እናድርግ» የምትለዋ ጥያቄ ነበረች የካትሪን አንጀት የምታሳርራት። በሯ ሥር ታልፋለች፣ ስልክ ስታነጋግር ከትከሻዋ ኋላ ትመጣለች፣ መታጠቢያ ቤት ተከትላት ትገባለች።

መፍትሔው የመጣላት ማክሰኞ ዕለት፣ ለአለቃዋ በቁጣ ስትጽፍ ነው። አለቃዋ በየዓመቱ እንደሚያደርገው፣ ትራሞቹ በመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆመው የሚያሳልፏትን ማካካሻ ጊዜ ለመቁረጥ ፈልጎ ነበር። ካትሪም በየዓመቱ እንደምታደርገው ትከራከራለች። «ያቺ ባዶ የምትመስል ጊዜ ሰሌዳውን ሰሌዳ ያደረገችው ናት» ብላ ጻፈች። «እሷ ከሌለች፣ በጠዋት አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸው ቢወድቅባቸው ከተማው ሁሉ እስከ ማታ ይዘገያል።» ይህን ጽፋ እጇ በፊደል ገበታው ላይ ቀረ። ከጓዳ ልጆቿ በአንድ ትራስ ሲጓተቱ ይሰማታል። ለብረት ሠረገላ የተሟገተችለትን ዕረፍት፣ በሦስቱም መርሐ ግብሮች ውስጥ ለገዛ ልጆቿ ነፍጋቸው ኖሯል። ራሷን በአለቃዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያየቻት መሰላትና ፊቷ ጋለ።

በዚያው ማታ አራተኛውን ሠራች። ሰዓት የለውም። ሥዕሎች ብቻ ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ፦ ፀሐይ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ዳቦ፣ ጥርስ ብሩሽ፣ በመናፈሻው ለልጆች የሚታደለው ሾርባ፣ መጽሐፍ፣ ገላ መታጠቢያ ውኃ፣ ራት፣ መኝታ። በጥርስ ብሩሹና በሾርባው መካከል ምንም ያልተሣለበት ባዶ ሣጥን አለ። የግድግዳውን ሰዓት አውርዳ፣ የኬርቱንም የእጅ ሰዓት ጨምራ፣ ከገበታ ጨርቆቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው።

«ቤታችን ውስጥ ከእንግዲህ ስንት ሰዓት ሆነ አይባልም» አለች። «አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩን ታያላችሁ። በቃ።»

«ባዶው ምንድን ነው?» አለች ኬርቱ በጥርጣሬ።

«የፈለጋችሁት ነው። እሱ ውስጥ ስትሆኑ እኔን አትጠሩኝም።»

ኦትሶ ባዶውን ሣጥን በጣቱ ነካካው። «እኔ ይሄኛውን ወድጄዋለሁ» አለ።

ረቡዕ ተሳካ ለማለት ይቻል ነበር፣ የካትሪ እናት ባይመጡ ኖሮ። እናቷ ኢርያ ከሐይቆቹ አገር ከሳቮ ድረስ በአውቶቡስ ሲመጡ አንድ ቀን አስቀድመው አይናገሩም፤ በሩን ከፍተው ጫማቸውን እያወለቁ ነው መምጣታቸውን የሚናገሩት። በአንድ እጃቸው ትንሽ ሻንጣ፣ በሌላው በሲባጎ የታሰረ ትልቅ ጥቅል ነበር።

«ከስተሻል» አሉ፣ ካትሪን ከእግር እስከ ራሷ አይተው። «ልጆቹም ከስተዋል። ያ ወረቀት ምንድን ነው?»

«የቀኑ አካሄድ ነው፣ እማዬ።»

ኢርያ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ የሚነበብ ነገር እንደሌለው ሲያውቁ አወለቁት። «እኔ አንቺን ሳሳድግ ሥዕል አልነበረኝም። ቁልፍ ነበረኝ። አንገትሽ ላይ አሰርኩልሽ፣ ድንቹን ቀቅዬ ድስቱ ውስጥ ተውኩልሽ፣ ሥራዬ ሄድኩ። ምን ሆንሽ?»

«እንጃ። አሁን የሆንኩትን ነዋ የሆንኩት።»

«አፍሽ ብቻ አልከሳም።»

ልጆቹ መታጠቢያ ቤት ውኃ እየተራጩ ሲንጫጩ ሁለቱ ሴቶች ማዕድ ቤት ውስጥ ተፋጠጡ። ኢርያ የመጡበትን ጉዳይ አላድበሰበሱም። እንደ አምናው ልጆቹን ይዘው ሄደው፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ሐይቁ ዳር አስቀምጠዋቸው ሊያሳርፏት ነው። አምና ካትሪ እሺ ብላ ነበር። አምና ኦትሶ ከስምንት ሳምንት በኋላ ከአውቶቡሱ ሲወርድ እጁን ዘርግቶ፣ አያቱ በሚጠሯት ስም፣ «ደኅና ነሽ፣ ካትሪ?» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ምን እንዳደረገች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዘንድሮ ልጆቿ ከእሷ ጋር ይከርማሉ፤ ይህን ለማንም ሳይሆን ለራሷ ምላ ነበር።

«ዘንድሮ አይሄዱም» አለች።

«አትሥሪም ማለት ነው?»

«እሠራለሁ።»

«በዚህ ጩኸት?»

«በዚህ ጩኸት።»

ኢርያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ቂመኛ አይደሉም፤ ግን የጀመሩትን ነገር ሳያጠናቅቁ የሚተዉ ሰው አይደሉም። «እንግዲያው ነገ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቤቱ ቤት ከመሰለኝ ዓርብ ብቻዬን እሄዳለሁ። እንዲህ የመዝናኛ ባቡር ከመሰለኝ ግን ልጆቹ ዓርብ ከእኔ ጋር ይሳፈራሉ፤ አንቺም ቃል አትተነፍሺም። ተስማማን?»

ካትሪ መስማማት አልነበረባትም። ሆኖም ከዕንቅልፍ ማጣትና ከእልህ የተሠራ አንድ ነገር «ተስማማን» ብሎ በአፏ ተናገረ። ኬርቱ ውኃ እያንጠባጠበች በሩ ላይ እንደ ቆመች ሁለቱም አላዩም።

ያ ጥቅል ማታ ተፈታ። ኢርያ በገዛ እጃቸው የሰፏቸው ጥቁር፣ ወፍራም መጋረጃዎች ነበሩ፤ ለልጆቹ መኝታ ክፍል።

«በዚህ ብርሃን ልጅ አይተኛም» አሉ። «መሰላል አምጪ።»

«አያስፈልገንም። ከፀሐይ ጋር ነው የምንኖረው፤ መርሐ ግብሩም የሚጀምረው በፀሐይ ነው።»

«ፀሐይዋ መቼ ትጠልቃለች ብለሽ ነው?»

«እማዬ፣ እባክሽ! አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ በራሴ መንገድ ልሥራ!»

ኢርያ መጋረጃዎቹን ደርዙን ከደርዝ አስተካክለው አጠፏቸውና ከሶፋው ራስጌ አስቀመጡ። ያ ጥንቃቄ ካትሪን ከስድብ ይልቅ አንገበገባት።

በማግስቱ ካትሪን ያነቃት ጸጥታው ነው። የልጆች ቤት በሦስት ምክንያት ብቻ ጸጥ ይላል፤ ተኝተዋል፣ ታመዋል ወይም ጉድ እየሠሩ ነው። የጠዋት ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ወለሉ ላይ በሰፊው ተዘርግታለች። ካትሪ በባዶ እግሯ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደች። አልጋዎቹ ተነጥፈዋል። ይህ በራሱ አስደንጋጭ ነበር። ማዕድ ቤት ገባች፤ ሁለት ኩባያ ታጥቦ ተደፍቷል፣ የዳቦ ፍርፋሪ በጥንቃቄ ወደ አንድ ጥግ ተጠርጓል፣ የጥርስ ብሩሾቹ እርጥብ ናቸው። ሳሎን ብቅ ስትል ሶፋው ባዶ ነበር፤ የእናቷ ብርድ ልብስ አራት ታጥፏል።

ስልኳን አነሣች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

እናቴ ወሰደቻቸው፣ አለች በልቧ። ዓርብን እንኳ አልጠበቀችም፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዛቸው ሄደች። የእናቷ ሻንጣ ከሶፋው ሥር እንደ ነበረ ለማየት ጎንበስ ማለት በቂ ነበር፤ ካትሪ ግን ከእንግዲህ አልንበረከክም ብላለች። በሌሊት ልብሷ እንዳለች የቴሮን የጎማ ቦት ጫማ አጥልቃ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

የሠፈራቸው የቫሊላ ጎዳና በጠራራ ብርሃን ውስጥ ወና ነበር። ፌርማታው ላይ ቆማ ትራም ጠበቀች። አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተመለከተች፤ ወፍ የለም። ቆይቶ ነው ትዝ ያላት። የመጀመሪያው ትራም ከማደሪያው የሚወጣው ገና ነው፤ ያንን ሰዓት የወሰነችው ደግሞ ራሷ ናት። በሌሊት ልብስ ቆማ በገዛ እጇ የጻፈችውን ሰሌዳ ስትራገም፣ ከመንገዱ ማዶ ከመናፈሻው የልጅ ድምፅ መጣ።

«አያቴ፣ ሰልፍ አትጣሺ! ከኋላዬ ነሽ!»

«መቼ ጣስኩ? እግሬን ነው የዘረጋሁት።»

ካትሪ መንገዱን ሳታይ ተሻገረች። የመናፈሻው የሾርባ ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል። በጋውን ሙሉ ቀትር ሲሆን ድስቱ እዚያ ይወጣል፤ ሳህንና ማንኪያ ይዞ የተሰለፈ ልጅ ሁሉ ይቀዳለታል። ከጠረጴዛው ፊት ኬርቱ፣ ከኬርቱ ኋላ ኦትሶ ቆመዋል፤ ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ከኦትሶ ኋላ አግዳሚ ወንበር ተጎትቶ መጥቶ፣ ኢርያ በካፖርታቸው ተጠቅልለው ተቀምጠውበታል። እሳቸውም ሳህን ይዘዋል።

«እማዬ!» አለ ኦትሶ፣ ፊቱ እያበራ። «አንደኛ ነን! ማንም የለም!»

ካትሪ የምትጮኸውን ከምታለቅሰው መለየት አቃታት። «ምን... ምንድን ነው የምታደርጉት? በዚህ ሌሊት!»

«ሌሊት?» አለች ኬርቱ። ፀሐይዋን ቀና ብላ አየቻት።

«አዎ፣ ሌሊት! መንገዱ ላይ አንድ ሰው አይታችኋል? አንድ ሰው!»

«ሰው ሁሉ ለበዓሉ ወደ ሐይቅ ዳር ቤቱ የሄደ መስሎኝ ነዋ» አለች ኬርቱ። ድምፅዋ መሳሳት ጀመረ። «ፀሐይዋ ወጣች። አልጋ አነጠፍን። ዳቦ በላን። ጥርሳችንን ፋቅን። ቀጥሎ የተሣለው ሾርባ ነው።»

ካትሪ ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺስ? አንቺ ትልቅ ሰው አይደለሽም? ለምን አልመለስሻቸውም?»

«በሩ ሲዘጋ ነው የነቃሁት። እስክደርስባቸው እዚህ ደርሰዋል። መኝታችሁ ግቡ ብላቸው ይቺ ልጅሽ፣ መኝታ መጨረሻ ላይ ነው አለችኝ።»

«ሰዓቱን አትነግሪያቸውም?»

«ሰዓት አይባልም ያልሽው አንቺ አይደለሽ? እኔ በሰው ቤት ሕግ አልገባም።» ኢርያ ማንኪያቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ወለወሉት። በዐይናቸው ጥግ የነበረውን ካትሪ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የድል ፈገግታ ነው። ክሱ ተጠናቋል፤ ምስክሮቹ ሳህን ይዘው ቆመዋል።

ኬርቱ ሳህኗን አወረደች። «አበላሸነው እንዴ?» አለች። ማንም ሳይመልስላት ፊቷ ተጨማደደና ለቅሶው ፈነዳ። «እኔ እኮ አንድም ነገር እንዳይበላሽ ብዬ ነው! ከተበላሸ ለአያቴ እንደምንሰጥ ሰምቻለሁ! ኦትሶን በደንብ ጥርሱን ያስፋቅኩት እኔ ነኝ! እሱ አልጋውን ሲያነጥፍ ሦስቴ አስደገምኩት!»

«አራቴ» አለ ኦትሶ።

የኢርያ ፈገግታ እንደ ነበረች ቆየች፤ ብቻ ከሥሯ ያለው ድጋፍ ተነሥቶባት ነበር። «ለአያቴ እንደምንሰጥ» ያለችው ልጅ ቃሉን የተናገረችው ቅጣትን በሚናገር ሰው አንደበት ነው። ኢርያ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ዘንድ መምጣት ትጠያለሽ?» አሉ፤ ለኬርቱ ነበር፣ ግን ያዩት ጠረጴዛውን ነው።

ኬርቱ በለቅሶዋ ተጠምዳለች። የመለሰው ኦትሶ ነው፣ እንደ ተራ ነገር። «ያንቺ ቤት ጥሩ ነው። ጀልባም አለ። ግን እዚያ እማዬ ስልኩ ውስጥ ናት፤ ስልኩን ደግሞ አንቺ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ።»

አንዲት የባሕር ወፍ ከቆሻሻ መጣያው ላይ ተነሥታ እየጮኸች አለፈች። ካትሪ ለእናቷ አዘነች፤ ማዘኗም አናደዳት፤ በዚህ ሁሉ ላይ ይህም ተጨመረ። ወንበሩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። የሁለቱ ሴቶች ትከሻ ተነካካ፤ አንዳቸውም አልሸሹም።

«አምና አንተ ስታለቅስ ነበር ስልኩን የማስቀምጠው» አሉ ኢርያ ለኦትሶ፣ ቀስ ብለው። «ድምፅዋን ከሰማህ በኋላ ነበር የምታለቅሰው። የሚሻል መስሎኝ ነው።»

«ማልቀሱን አልነገርሽኝም» አለች ካትሪ።

«ምን ታደርጊ ነበር? ሰሌዳ ትሠሪለት ነበር?»

ከካትሪ አፍ ሳታስበው ሳቅ ወጣ፤ ከሳቅ ይልቅ ለሳል የቀረበ ነገር። «እንግዲህ ተነሡ። ቤት ገብተን እንተኛ።»

«መኝታ መጨረሻ ላይ ነው» አለ ኦትሶ።

«ኦትሶ!»

«አሁን እኮ ባዶው ሣጥን ላይ ነን። ባዶው ሣጥን ላይ አትጠሩኝ ብለሻል፤ አንቺም አትጥሪን።»

ካትሪ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ያቺን ሣጥን በገዛ እጇ ሠርታታለች፤ በአለቃዋ ፊት ሳይቀር ተሟግታላታለች። «ባዶው ሣጥን ውስጥ» አለች ጥርሷን ገጥማ፣ «መተኛትም ይቻላል። የፈለጋችሁት ብያለሁ፤ እኔ የፈለግሁት ደግሞ መተኛት ነው።»

ኦትሶ አሰበበት። «እሺ። ግን ሰልፋችንን ማን ይጠብቃል?»

ቤት ሲደርሱ ካትሪ ከማንም ጋር ሳትነጋገር መሰላሉን አመጣች። ኢርያም ሳይነጋገሩ መጋረጃዎቹን አቀበሏት። ከታች ሆነው መሰላሉን ይዘው፣ ዘንጉ ጠመመ፣ ቀለበቱ ተገለበጠ፣ ቀኙ ከግራው ዝቅ አለ እያሉ ሥራዋን አብጠለጠሉት። ካትሪ እንደ ልጅነቷ፣ እየተነጫነጨች፣ የተባለችውን አደረገች። የመጨረሻዋ የብርሃን ስንጥቅ ስትዘጋ ክፍሉ ጉድጓድ መሰለ። ልጆቹ ሳህናቸውን እንዳቀፉ አልጋቸው ላይ ወጡ። ካትሪ ከኦትሶ እግርጌ ለጥቂት ጊዜ ብላ ጋደም አለች። ኢርያም የኬርቱ ለቅሶ ድጋሚ እንዳይነሣ ብለው ጎኗ ገቡ።

ከዚያ የሰሙት የኬርቱን ጩኸት ነው። እሷ ነበረች ቀድማ ነቅታ መጋረጃውን የገለጠችው። ፀሐይዋ ከቀትሩ አልፋ በሌላኛው በኩል ቆማለች፤ ከመናፈሻው ሳህናቸውን እያንኳኩ የሚመለሱ ልጆች በመስኮቱ ሥር እያለፉ ነው።

«ሾርባው አለፈ! አንደኛ ነበርን እኮ! አንደኛ ነበርን!»

ካትሪ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን አየች። አራተኛውም መርሐ ግብር ሞተ። መጨረስ ያለባት ሥራ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጦ ይጠብቃታል፤ እናቷ ጸጉራቸው በአንድ ጎን ተደፍቶ ከኬርቱ ትራስ ላይ እየተነሡ ነው።

«በይ ፍረጂ» አለቻቸው። «ቤት መሰለሽ ወይስ ባቡር?»

ኢርያ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ ጊዜ ወሰዱ። «እኔም ተኝቼ ዳኛ አልሆንም» አሉ። «እንደዚህ ከተኛሁ ዓመታት አልፎኛል። ዓርብ ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቺ ያንን የትራም ነገርሽን አስረክቢና ቅዳሜ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ እሑድ ማታ ሦስታችሁም ውጡልኝ። ከዚያ በላይ አላስቀምጥም፤ ጀልባውን ቀለም መቀባት አለብኝ።»

ካትሪ አመሰግናለሁ ብትል እናቷ እንደሚያኮርፉ ታውቃለች። «ስልኩስ?» አለች በምትኩ።

«ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። አትጨቅጭቂኝ፤ አሁን ለእነዚህ ልጆች ሾርባ ይቀቀል። ካሮት አለሽ?»

ካሮት ነበራት። ድስቱ ሲፈላ ካትሪ ልታቀርብ ጎድጓዳ ሳህን አነሣች፤ ኦትሶ ግን መንገዱን ዘግቶ ቆመ። እንዲህ አይደለም የሚሆነው። ሰልፍ ያስፈልጋል። አያቱ ይቀዳሉ፣ ኬርቱ አንደኛ ናት፣ እሱ ሁለተኛ።

«አንቺ ከኋላ ነሽ» አላት። «ዘግይተሽ ነው የመጣሽው።»

ካትሪ ሳህኗን ይዛ በገዛ ማዕድ ቤቷ ከሰልፉ ጅራት ቆመች። ፊት ያለችው ልጇ ካሮቱን ከድንቹ እየለየች፣ ይሄ ይቀነስልኝ፣ ያ ይጨመርልኝ እያለች፣ ከአያቷ ጋር ክርክር ይዛለች። ሰልፉ ንቅንቅ አላለም። ሥራዋ ይጠብቃል፤ ሆዷ ይጮኻል።

«ኧረ ቶሎ በሉ!» አለች ካትሪ።

«አሁን ባዶው ሣጥን ላይ ነን» አለ ኦትሶ ዞር ሳይል።